ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ሽታው ነው የያዘኝ። የልጄ ክፍል ተማሪዎች አሮጌውን ቤት ሊጎበኙ ሲሄዱ አብሯቸው የሚሄድ ወላጅ ጠፋ ተባለና፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ሳልተኛ ተከተልኋቸው። አስጎብኚዋ በሩን ስትከፍተው የወለል ሰምና የኮምጣጤ ሽታ ተደባልቆ መጣብኝ። ልጆቹ ጫማቸውን ጠርገው ሲገቡ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እማ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለኝ ልጄ። ደክሞኛል አልሁት። ውሸት አልነበረም፤ ያ ቤት መቼም ቢሆን ያለ ድካም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ብሩክሊን ፓርክ፣ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ሰይድ ወንዙ ማዶ ፍሪድሊ በሚባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ እናቴ ዘይነባ በአዘቦት ቀን ቢሮ ታጸዳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያንን ቤት። እኔ አስተርጓሚዋ ነበርሁ። እንግሊዝኛው ብዙ አልያዘላትም ነበርና ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ቅዳሜ እዚያ ቤትም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ሰው የሚላትን ለእሷ፣ እሷ የምትለውን ለሰው አደርሳለሁ። አባቴ በኮሮላው ድልድዩን አሻግሮ ያወርደንና ኦቨርታይም ሊሠራ ይሄዳል።

ቤቱ ወንዙ ዳር ነው። ቀይ ጡብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ በሩ ልክ መሀል ላይ፤ በግራ ያለ መስኮት ሁሉ በቀኝ አቻ አለው፣ ጭስ ማውጫው እንኳ በሁለቱም ጫፍ ነው። ከበሩ በላይ ግማሽ ድፎ ዳቦ የመሰለ መስታወት አለ። አሠራሩን «ፌደራል ስታይል» እንደሚሉት ለአባቴ ብነግረው ደንገጥ ብሎ «ፖሊስ አለው እንዴ?» አለኝ።

በዙሪያው ያለው ሰፈር ድሮ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች የቆረቆሩት መንደር ነበር። ከተማው መጥቶ ዋጠው፤ የተረፉት ያ ቤት፣ ጥቂት ትልልቅ ዛፎችና መቃብሩ ናቸው። ቤቱን የሚጠብቁት እማማ ኤዲት እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሴትዮ ነበሩ። አያቶቻቸው ቤቱን የሠሩት ከምሥራቅ ሲመጡ ትተውት በመጡት ቤት አምሳል ነው፤ ሲሠራም ፋሽኑ አልፎበት ነበር አሉኝ። «የሚያውቁትን ሠሩ» ብለው ትከሻቸውን ሰበቁ።

እናቴ ቤቱን ወደደችው። ግድግዳው ላይ ሥዕል የለም፣ መስቀል የለም፤ ጓዳው ውስጥ አንድ ጠርሙስ መጠጥ የለም። ዙሪያውን አይታ አይታ «ሃዩ፣ እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ሰልመዋል» አለችኝ። እኔ ቀልዷን ቁም ነገር አድርጌ ወስጄው ብዙ ጊዜ እማማ ኤዲት ሲሰግዱ ለማየት በደረጃው ቀዳዳ ስመለከት እውል ነበር።

ሥራው ግን ልብ ያወልቃል። ለአሮጌው እንጨት ቫኪዩም አይፈቀድም። ወለሉ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሰም በጨርቅ እየተቀባ፣ ከዚያ በሌላ ጨርቅ እየታሸ ነው የሚያበራው። መስታወቱ በኮምጣጤና በውሃ። መስታወቱ ድሮ የተሠራ ስለሆነ ወለም ዘለም ይላል፤ በእሱ ሲያዩት ውጭ ያለው ዛፍ ይጎብጣል። እኔ የታችኛውን መስኮት እወለውላለሁ፣ እናቴ ወለሉን። እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል፤ ይኼኛው ስድስተኛ ወሩን ይዟል። አንድ ክፍል ስትጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ትዘረጋና «ያ ረቢ» ትላለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች።

መኪና ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራት ነበር። እኔ «ስኖው» እላለሁ፣ እሷ «ሲኖው» ትላለች፤ አርማታለሁ። ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ይኸው ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ትለዋለች አባቴን።

ኅዳር ውስጥ፣ የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ሰሞን፣ ስልክ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም፣ ከደሴ። «ሃዩ፣ አባትሽን ስጪኝ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። አባቴ ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና ዘጋው። ሲወጣ ፊቱ ርሶ ነበር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«አያቴ ናት?»

ወለሉ ላይ ከፊቴ ቁጢጥ አለ። «አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። አሁን ስሚኝ። እናትሽ እስክትገላገል ይህን አትሰማም። ሁለቱ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ አይደል? ይኼኛውም እንደነሱ ከሆነ በኔና ባንቺ ነው። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልሁ።

መርዶ እንዲህ ነው የሚያዘው። ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ዘመድም ጎረቤትም ያውቃል፣ ባለቤቷ ብቻ አታውቅም። ጎረቤታችን ከድጃ አወቀች፣ ባሏ አወቀ፣ መስጊድ የሚያውቁን ሁሉ አወቁ። እናቴ ደሴ ልደውል ስትል አባቴ፣ አያቴ ገጠር እህታቸው ዘንድ ከርመዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይላታል። ያልተፋቀው የስልክ ካርድ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተጣብቆ ከረመ። «ሃዩ፣ አያትሽ እንዴት ጨከነችብኝ» ስትለኝ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። አያቴን የማውቃት ከአምስት ዓመቴ በፊት ነው፤ መዳፏ ሻካራ እንደነበርና ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ እንደምታመኝ አስታውሳለሁ። ላለቅስላት ፈልጌ ነበር። ባለቅስ እናቴ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ስለዚህ አላለቀስሁም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ በረዶው መንገድ ዘጋና እሑድ ሄድን። ከዚያ በፊት እሑድ ሄደን አናውቅም። በጓሮው በር በቁልፋችን ገባን፤ እናቴ ጓንቷን አጥልቃ፣ ባልዲውን ሞልታ፣ የትልቁን ሳሎን በር ከፈተች።

ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ምናምን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አይናገርም። መጽሐፍ አልተከፈተም፣ ሰባኪ የለም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንድ ሽማግሌ በመሐረብ አፍንጫውን ይጠርጋል። እማማ ኤዲት መሀላቸው አሉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

ለመርዶ ነው የመጡት አልሁ በልቤ። አባቴ ነግሯቸው፣ ለእናቴ ሊያረዷት ተሰብስበው እየጠበቋት ነው። እንዳይናገሩ ብዬ ሁሉንም በዓይኔ ለመንኋቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። ባልዲውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች፣ እጄን ይዛ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዬ ሥር «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ምስኪን፣ ባለፈው ሳምንት ስንመጣ እንኳ ደህና ነበሩ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እንዲህ ነው እኛ ዘንድ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ደረቅ ዓይን ይዞ መቀመጥ ነውር ነው። ድምፅ አልነበራትም። እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ በሆዷ ላይ ይንጠባጠባል። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ያለ ነው፤ እሷ የራሷ እንዳለባት የማታውቅ ብቸኛዋ ሰው ነበረች። አጠገቧ ተቀምጬ የኮቷን እጅጌ ያዝሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

በመጨረሻ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ እጁን ጨበጠ፤ ሁሉም እርስ በርስ ተጨባበጡ። እንግዲህ ጸሎታቸው እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ዝም ብለው ይቀመጡና ተጨባብጠው ይለያያሉ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። እናቴ ተነሥታ የእማማ ኤዲትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አላህ ያጽናዎት በያቸው» አለችኝ።

ተረጎምሁት። እማማ ኤዲት የእናቴን ፊት እያዩ ግራ ገባቸው። «አመሰግናለሁ በያት። ግን እኮ ማንም አልሞተም። እንዲህ ነው የምንጸልየው።»

እናቴ ጠበቀችኝ። ማንም አልሞተም ብላት፣ ታዲያ ምን አስለቀሰኝ ትላለች፤ ከዚያ ሆዴ ምን ሰምቶ ነው ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን ታነሳለች። ቢያንስ በእኔ ጭንቅላት ነገሩ እንዲያ ነበር የሚሄደው።

«እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ» አልኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአፓርታማችን ስንወጣ እናቴ ትልቅ ድስት ንፍሮ በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች። ስንዴና ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፋ ጠዋት ቀቅላዋለች። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። አባቴ በመኪናው መስታወት አየኝ፤ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። እማማ ኤዲት ድስቱን ተቀብለው ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ አመሰገኑ። እሑድ ለሽማግሌዎቹ በስስ የሸክላ ሲኒ አድርገው አቀረቡላቸው፤ አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ደገመ ተባለ።

ድስቱን ሊመልሱልኝ ጓዳ የጠሩኝ ዕለት በሩን ገርበብ አደረጉት። «ሃያት፣ እናትሽ ያን ቀን ለምን አለቀሰች?»

ዝም አልሁ። እሳቸውም ዝም አሉ። ዝምታን የሚችል ሰው ፊት ዝም ማለት ከባድ ነው። ነገርኋቸው። አያቴን፣ ስልኩን፣ ሁለቱን ጽንሶች፣ ወላሂ ማለቴን። ስጨርስ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ አልነግራትም» አሉ። «የኔ ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። እኛ አንምልም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ እውነት መናገር አለብን። እናትሽ ከጠየቀችኝ አልዋሻትም።»

«አትጠይቅዎትም» አልሁ። «እንግሊዝኛ አትችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ማስተማር ተውሁ። መኪና ውስጥ «ዛሬስ?» ስትለኝ እንቅልፌ መጣ እላለሁ። ሆም ወርክ አለብኝ እላለሁ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ነው፤ እናቴ አፍ እንዳይኖራት ፈረድሁባት፤ ያንንም ያደረግሁት እየወደድኋት ነው።

እሷ ምን ተዳዋ። ከእማማ ኤዲት ጋር ጀመረች። ሁለቱ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፣ እናቴ የእጅ መደገፊያውን እያሸች በጣቷ ታሳያለች፤ እማማ ኤዲት ስሙን ይነግሯታል። «ስቴርስ። ዊንዶው። ማዘር።» እኔ ከታች ሰም እየቀባሁ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ፤ ስንት ቃል እንደ ደረሰች በጣቴ እቆጥራለሁ።

ወሯ ሲገባ እናቴ መንበርከክ አቃታትና ወለሉ የእኔ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ሳሎኑን ግማሽ አድርሼ ጉልበቴ ዝሎ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እማማ ኤዲት መጡ። ጨርቅ አነሱ፣ ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ጎኔ ተንበረከኩና ማሸት ጀመሩ። የዚያን ቀን ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ወንዙ ላይ ያለው በረዶ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ወንድሜ ተወለደ። ወንድ፣ ጤነኛ፣ ጯሂ። እናቴ «ለእማዬ ደውሉላት፣ የምሥራች በሏት» አለች። አባቴ እሺ ብሎ ወጣና ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆመ፤ በመስኮት አየሁት።

አርባ ቀኗን ጠበቁ። እሑድ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። የከፈተችው እናቴ ናት፣ ሕፃኑን ታቅፋ። ከድጃ ናት፤ ከኋላዋ ባሏ፣ ከሱ ኋላ ኮሪደሩን የሞላ ሰው። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅዎ ከመጣ መናገር አያስፈልገውም። እናቴ ሕፃኑን ለአባቴ ሰጠችና «ማን?» አለች።

«እናታችን» አለች ከድጃ። «አብሽሪ፣ ዘይነባ። ኢና ሊላሂ።»

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሲበርድላት «መቼ?» አለች። ኅዳር አሏት። የከድጃን እጅ ከትከሻዋ ገፈተረችው። «ሁላችሁም! ስበላ ስጠጣ እያያችሁኝ! ክፉዎች!» ከዚያ ጥግ ቆሜ አየችኝ። «አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ዞረብኝ። አባቴ ወለሉን አየ።

«አላውቅም ነበር» አልሁ።

አባቴ ለሴትዮዋም ደውዪላት ብሎኝ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ እማማ ኤዲት ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ደጃፉ ላይ የተከመረውን ጫማ አይተው የራሳቸውንም አወለቁ። ንፍሮ ይዘዋል። ራሳቸው ቀቅለውት ገንፎ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ጨውም የለው። ከድጃ ድስቱን ተቀብላ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም። አራቱ ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ዝም አሉ። ይናገራሉ ብለው የጠበቁ ሰዎች ቀስ በቀስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በመጨረሻ የእኛም ቤት እንደዚያ ቤት ጸጥ አለ። የእናቴ ትከሻ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

ከዚያ ቀና አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። ተርጉሚልኝ አላለችኝም።

«ኤዲት» አለች። «ማይ ማዘር። ዩ ኖው? ቢፎር?»

እማማ ኤዲት መጀመሪያ እኔን አዩኝ። በዓይናቸው ይቅርታ እየጠየቁኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

«የስ» አሉ። «ከብርዱ ወራት ጀምሮ።»

ከእነዚያ ሰዎች ሁሉ ለእማማ ኤዲት ሊነግር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ጠዋት ከተናገርሁት ውሸት ጋር ተፋጠጥሁ። ጥፊ ጠበቅሁ፤ ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን እዚያ ቤት ሳለቅስ፣ እጅጌዬን ይዘሽ» አለች። ድምፏ ሰልሏል። «እያወቅሽ ነው የተቀመጥሽው?»

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ።

«አንቺስ? ለአያትሽ አልቅሰሽላታል?»

«አይ» አልሁ። «እንዳታውቂ።»

ዓይኗ እንደ አበጠ፣ ፀጉሯ እንደ ተበተነ፣ ወገኗ ተሰብስቦ ሳለ፣ እጇን ዘረጋችና ስባ ጎኗ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ለዚችም ልጅ ለቅሶ ድረሱላት» አለች። «አያቷ ሞታባታለች። ብርዱን ሙሉ ብቻዋን ነው የተቀመጠችው።»

ማንም አልተረጎመላቸውም፤ ግን መጀመሪያ የተነሡት እማማ ኤዲት ናቸው። ጉልበታቸው ቀጭ እያለ በካልሲያቸው ምንጣፉን አቋርጠው መጡና ጎንበስ ብለው እጄን ጨበጡኝ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ፣ ከድጃ ተከተለች፣ ሌሎቹም ተራ ያዙ። አባቴ መጨረሻ ላይ ሕፃኑን እንዳቀፈ መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለና «አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ» አለኝ። ያኔ እናቴ ጭን ላይ ተደፋሁና አያቴን አለቀስኋት።